መሃል ላይ ትራፊክ ፖሊስ የለም

ትናንት ማታ ትልቅ ፋይል ወደ ሩቅ ሰርቨር እየላክሁ ሲዋንዱን ቁጭ ብዬ አየሁት። ሲዋንድ ማለት ላኪው «ደርሶኛል» የሚል መልስ ሳይመጣለት መልቀቅ የሚችለው የፓኬት (ፋይሉ ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) ብዛት ነው። በ10 ጀመረ። 20፣ 40፣ 80 እያለ ወጣ። ከዚያ የሆነ ቦታ ፓኬት ጠፋና ቁጥሩ ወረደ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መውጣት ጀመረ። ቀንስ ያለው የለም። መስመሩን ከስንት ሰው ጋር እንደሚጋራም አያውቅም። የራሱ ፓኬት ሲጠፋ አይቶ ራሱን ገታ፣ በቃ።

ይሄ ነገር ሁሌም ይደንቀኛል። ድሮ እንዲህ አልነበረማ! በኦክቶበር 1986 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው ፍጥነት ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት በሰከንድ ወረደ። ርቀታቸው 400 ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ በተለመደው የፊደል ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ 24 ቢት ስለሚይዝ፣ በዚያ ፍጥነት በሰከንድ ሁለት ፊደል መላክ አይቻልም ነበር። ምክንያቱ ደግሞ የኮምፒውተሮቹ ችኮላ ነው፤ ፓኬት ሲጠፋ ደግመው ይልካሉ፣ የተደገመው መስመሩን ያጣብባል፣ ሌላ ይጠፋል።

የዚያው ላብራቶሪ ተመራማሪ ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያሳተመው መፍትሔ ቀላል ነው። ሰላም ከሆነ በየምልልሱ አንድ ጨምር፣ ከጠፋብህ በግማሽ ቀንስ።

ችግሩ መስመሩ ሲፈጥን ነው። 10 ጊጋቢት መስመር ላይ፣ ደርሶ መልሱ 100 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ መንገድ ላይ 83 ሺህ ገደማ ፓኬት አለ። አንዷ ከጠፋች ግማሹ ይቀነሳል፣ እሱን አንድ በአንድ ለመመለስ 70 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አንዲት ፓኬት!

ከ2006 ጀምሮ የሊኑክስ ስርዓተ ክወና የሚጠቀምበት ኪዩቢክ የሚባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ የተሻለ ዘዴ አለው። የት ላይ እንደጠፋበት ያስታውሳል፤ እዚያ እስኪቃረብ ይሮጣል፣ ሲደርስ ረገብ ይላል፣ ካለፈው በኋላ እንደገና ይፈጥናል። ዕድገቱን የሚለካው በሰዓት እንጂ በምልልስ ብዛት ስላልሆነ፣ እንደኛ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ለሆነበት ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ጉግል በ2016 ያወጣውን ቢቢአር የሚባል ሌላ መቆጣጠሪያ ሞክር የሚሉኝ አሉ። ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን የመጀመሪያው ቢቢአር መስመር ሲጋራ ኪዩቢክን የሚጫንበት ጊዜ ነበር፣ እኔ ደግሞ መስመሩን ከሌላ ሰው ጋር ነው የምጋራው። አዲሱን እትም በደንብ ሳልለካ ሰርቨሬ ላይ አልጭነውም።