ገጽ 16 ከገጽ 1 ጎን

ዛሬም ዝናብ። ቱሉ ዲምቱ ሲዘንብ ደረጃው ሁሉ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ፣ በቃ የእድሩን ደንብ አትሜ ልገላገል አልኩ። የድሮ ሰፈራችንን እድር ማለቴ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ማስጠረዝ ይቀል ነበር። እኔ ግን «ፕሪንተር አለኝ» ብዬ ጉራዬን ነፍቻለሁ፤ ለእሁድ ይደርሳል ብያለሁ።

ደንቡ 14 ገጽ ነው። አንድ ኤ4 ለሁለት ሲታጠፍ 4 ገጽ ይወጣዋል፤ ስለዚህ የግድ 16 መሆን አለበት። ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ። ደግሞ በተራ አይወጣም። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ 16 እና 1 ጎን ለጎን፣ በጀርባው 2 እና 15። ጎረቤታሞቹን ስትደምሯቸው ሁሌም 17።

የእኔ ፕሪንተር ጀርባውን በራሱ አያትምም። ፊቱ ሲያልቅ ወረቀቱን ገልብጬ መልሼ አጎርሰዋለሁ። አጎረስኩት። ገጽ 1 ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ገጽ 2 ግን በአናቱ ተተክሏል! በአጭሩ ጎን መገልበጥ ሲገባኝ በረጅሙ ገልብጬዋለሁ። 4 ወረቀት ከሰረ።

የተበላሸውን ይዤ ቁጭ አልኩ። 16 እና 1። እዚህ ትከሻ ለትከሻ ናቸው። ሲታጠፍ ግን አንዱ መግቢያው ላይ፣ አንዱ መውጫው ላይ። አራት ኪሎ እያለን እኛንና እትዬን የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ነበር። ሲያስነጥሳቸው በግድግዳው በኩል «ይማርዎት» እንል ነበር። ሰፈሩ ሲነሳ እሳቸው የካ አባዶ ገቡ፣ እኛ እዚህ። አሁን በር ለበር ያለውን ሰውዬ እንኳ ስሙን አላውቀውም። በጫማው ነው የማውቀው፤ ውጭ ነው የሚያወልቀው።

አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ታትመው ሲነበቡም ጎን ለጎን የሚሆኑት 8 እና 9 ብቻ ናቸው፤ መሃል ላይ ስላሉ። እኛና እትዬ 8 እና 9 የሆንን ይመስለኝ ነበር።

ባዶዎቹ ገጾች ላይ ማን የት እንደገባ ብጽፍስ? ብዬ ጀመርኩ። የእትዬን ብሎክ አላውቀውም። እዚያው ቆመ።

ሁለተኛው ሙከራ ተሳካ። ስቴፕለሬ መሃሉ ድረስ አይደርስም፤ በመርፌ 3 ቦታ በስቼ በነጭ ክር ሰፋሁት። መሃለኞቹ ወረቀቶች በጠርዙ በኩል ትንሽ ወጣ ወጣ አሉ፤ ተደራርበው ሲታጠፉ ይገፋፋሉ። ቢሆንም አማረብኝ። ብራና ጸሐፊዎችም እንዲህ የታጠፈውን ነው ጥራዝ የሚሉት። ጥራዙ ከጥራዝ ሲሰፋ መጽሐፍ ይሆናል።

ቀና ስል ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። እድሩ የሚጠብቀው 40 ቅጂ ነው። በእጄ ያለው አንድ። እሷን አንዷን ታቅፌ ስለ ጉርብትና ስፈላሰፍ አመሸሁ። ጥራዝ ነጠቅ ይሉሃል ይሄ ነው።