መብራቱን ያጠፉበት ጨዋታ

ከፈረንጆቹ ገና ማግስት ጀምሮ ከቲቪ ንቅንቅ አልልም። ካናዳ ያስለመደችኝ አመል ነው፤ ከ20 ዓመት በታች የወንዶች የዓለም በረዶ ሆኪ ሻምፒዮና። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ጃንዋሪ 5 አካባቢ ስለሆነ እኔ ጾም ልፈታ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው፣ ያው ሽሮዬን ይዤ አያለሁ። ሰሞኑን ግን ከአሁኑ ጨዋታ ይልቅ የድሮው ታሪክ ይዞኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የማወራው።)

ነገሩ በ1974 ሌኒንግራድ ላይ ሲጀመር ይፋዊ ውድድር እንኳን አልነበረም። ካናዳም ብሔራዊ ቡድን አላቋቋመችም፣ ፒተርቦሮ ፒትስ የሚባል የወጣቶች ክለብ ላከች። በ1977 ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ይፋዊ ሆነ። ሶቪየቶች እስከ 1980 ድረስ ዋንጫውን ለማንም አላስነኩም። በኋላ የሆኪ ንጉሥ የሆነው ካናዳዊው ዌይን ግሬትስኪ በ16 ዓመቱ፣ በ1978 ሞንትሪያል ላይ፣ በነጥብ ሁሉንም በልጦ እንኳን ካናዳ ያገኘችው ነሐስ ነው። በ1982 ግን ምርጦቿን ከየክለቡ ሰብስባ ሄደች፣ ወርቁንም ወሰደች። ሚኒሶታ ውስጥ ነበር፤ የመዝሙሩ ቅጂ ስላልነበረ ልጆቹ ራሳቸው ዘመሩት።

ደጋግሜ የማስበው ግን 1987ን ነው። ጃንዋሪ 4፣ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ፒየሽታኒ ከተማ። ካናዳ ሶቪየትን 4 ለ 2 እየመራች ነው፣ ወርቁን ለማግኘት ግን በአምስት ጎል ልዩነት ማሸነፍ አለባት። ሶቪየቶች ከሜዳሊያ ውጪ ሆነዋል፣ የሚያጡት ነገር የለም። በዚህ መሃል ድብድብ ተነሳ፣ ከሶቪየቶቹ ወገን አንድ ተጠባባቂ ዘሎ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደያዘ አይለይም። ለእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ብዙም ልምድ ያልነበረው ኖርዌጂያዊ ዳኛ ከረዳቶቹ ጋር ከበረዶው ወጥቶ ሄደ። አዘጋጆቹ ደግሞ ምን መላ መቱ? መብራቱን አጠፉ! ልጆቹ በጨለማ ቀጠሉ። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንለው በዚያው ሰሞን፣ በቆልማማ ዱላ ለሚጫወት ሰው መሆኑ ነው የሚያስቀኝ።

ሁለቱም ቡድኖች ተባረሩ፣ ወርቁን ፊንላንድ ወሰደች። ቢያንስ ነሐስ በእጇ የነበረች ካናዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የሆኪ ክለብ ባለቤት ሃሮልድ ባላርድ የወርቅ ሜዳሊያ አሠርቶ ለልጆቹ ሰጠ፣ ለድብድቡ ሳይነሳ አግዳሚው ላይ የቀረው ካናዳዊ ተጫዋች ፒየር ተርጆን ግን ለዓመታት ታማበት። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ያልተደባደበው ልጅ ነው የታማው! እኔ ከልጆቹ ይልቅ የማዝነው በትልልቆቹ ነው። ያን ሁሉ የሁለት አገር ቁርሾ በ18 እና በ19 ዓመት ልጆች ትከሻ ላይ ጭነው፣ ሲፈነዳ ማብሪያ ማጥፊያ ፍለጋ መሮጥ ምን ይሉታል?

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጀርመን ውስጥ፣ ሌላ ጉድ ተፈጠረ። ውድድሩ የተከፈተው ዲሴምበር 26 ቀን 1991 ነው፣ ሶቪየት ኅብረት በይፋ የፈረሰችበት ዕለት። ልጆቹ ሶቪየት ተብለው ጀመሩ፣ የነጻ መንግሥታት ኮመንዌልዝ (የቀድሞ ሶቪየት ሪፐብሊኮች ኅብረት) ተብለው ጨረሱ፣ ወርቁንም አነሱ። የውድድሩ ምርጥ ተከላካይ የተባለው ዳርየስ ካስፓራይቲስ እንዲያውም የሊቱዌኒያ ልጅ ነው፣ አገሩ ቀድማ ወጥታለች። አሰልጣኙ መልበሻ ክፍል ውስጥ «ለአገራችሁ!» ብሎ ከሆነ የትኛዋን ማለቱ ነው?

በ1992 ክረምት የሰሜን አሜሪካው ትልቅ የሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ ካስፓራይቲስን አምስተኛ ሆኖ ኒው ዮርክ አይላንደርስ ወሰደው፣ የቡድን ጓደኛው ያሺን ሁለተኛ ሆኖ ለኦታዋ ክለብ ደረሰ። የ1987ቱ የሶቪየት ቡድን ተጫዋች ሞጊልኒ እንደነሱ አልቀናውም። እሱ በ1989 ስቶክሆልም ላይ ከቡድኑ ጠፍቶ ነው አሜሪካ የገባው።