አባታቸው ማን ነው?

በአንድ ቤተ ሙከራ የአይጦች ማርቢያ ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ፎስ-ቢ የተባለው ዘረ መል እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦችን እንድከታተል ተመደብኩ። ከእነዚህ አንዷ በወለደች ማግስት ሣጥኗን ስከፍት፣ ፀጉር ያላበቀሉትና ዓይናቸው ያልተገለጠው ልጆቿ ከጎጆው ውጭ ተበታትነው፣ ገሚሶቹ ሞተው፣ የቀሩትም ቀዝቅዘው አገኘኋቸው። ብዙም ሳላስብ በመዝገቡ ላይ «ልጆቹ በዘረ መል ጉድለት ሞቱ» ብዬ አሰፈርኩ።

አለቃዬ መዝገቡን አንብባ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አባታቸው ማን ነው?»

አባታቸው ሁለቱም የዘረ መሉ ቅጂዎች የተሟሉለት ወንድ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ከእርሱ አንድ የሚሠራ ቅጂ ስለወረሰ፣ ዘረ መሉ ጨርሶ የሌላት እናቲቱ ብቻ ነበረች። ይህን እኔው ራሴ ያጣመርኳቸው ሰው መዘንጋቴ አሳፈረኝ።

በሚቀጥለው ወሊድ፣ በዚያው ቀን ከወለደች ጤናማ እናት ጋር ልጆቻቸውን አለዋወጥን። ወደ ጤናማዋ የሄዱት አደጉ፤ የጠቡት ወተት በስሱ የሆድ ቆዳቸው በኩል ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ሌላኛዋ ግን የተሰጧትን ቀርባ ታሸታለች እንጂ በአፏ አንስታ ወደ ጎጆው አትመልስም፣ አትታቀፍምም፤ ስለዚህ ሳይቀዘቅዙ ወሰድንባት። ማይክል ግሪንበርግና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የገለጸው ይህንኑ ነው። ፎስ-ቢ ሌሎች ዘረ መሎችን የሚያነቃ ፕሮቲን የሚሠራ ሲሆን፣ እናት ከልጆቿ ጋር ስትገናኝ በአንጎሏ ሃይፖታላመስ የፊት ክፍል ሥራውን ይጀምራል። በዚህ ምክንያት አንዳንዶች «የእናትነት ዘረ መል» ሲሉት ብሰማም፣ ስሙ የተጋነነ ይመስለኛል።

በመዝገብ ላይ ከዚህ ጋር በቀላሉ የሚምታታው የኦክሲቶሲን ጉድለት ነው። ይህን ሆርሞን የማያመነጩ እናት አይጦች ልጆቻቸውን ሰብስበው ቢያቅፉም ወተቱ ስለማይወርድላቸው፣ በማግስቱ የሚገኙት እንደዚሁ የሞቱ ልጆች ናቸው፤ ልዩነቱ እነዚህ የሚሞቱት በጎጆው ውስጥ፣ በእናታቸው ሥር መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ልጆቹ የት እንደተገኙ እንኳ አልጻፍኩም ነበር።

በመዝገባችን መፋቅ ክልክል ስለሆነ፣ ከ«ዘረ መል» በፊት «በእናታቸው» የሚለውን ቃል አስገብቼ፣ «ከጎጆው ውጭ» ብዬ ጨምሬ፣ ቀኑን ጽፌ ፈረምኩበት።