«የፊተኛውን ያዘው»

የሜትሮ መቆጣጠሪያ ክፍል ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ምሽት ላይ ነው፣ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት። ባቡሮቻችን በየ3 ደቂቃው ይመላለሳሉ። ስክሪኑ ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እኩል ተራርቀው ሲሄዱ እያየሁ ዘና ብያለሁ።

የ14 ቁጥር ሹፌር በሬዲዮ ጠራኝ። የአንዲት ተሳፋሪ የቦርሳ ማንገቻ በር ላይ ተቀርቅሯል። በሮቹ ሁሉ መዘጋታቸው ካልተረጋገጠ ደግሞ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። ማንገቻው እስኪላቀቅ 2 ደቂቃ ሄደ።

2 ደቂቃ ምን አላት? «ጣቢያ ላይ አትቆይ፣ ቶሎ ቶሎ ዝጋ» አልኩት። ያካክሰዋል ብዬ።

ጭራሽ ባሰበት። በየደቂቃው 50 ሰው ወደ መሳፈሪያው ይወርዳል እንበል። በ3 ደቂቃ 150 ሰው ይጠብቃል፣ በ5 ደቂቃ 250። ያ ሁሉ ሕዝብ እየተጋፋ ሲገባ፣ ሹፌሩ በእኔ ትእዛዝ በሩን ይዘጋል። አንዱ እጁን ይሰዳል፣ ሌላው ቦርሳውን ያስገባል። በሩ ነክቶት መልሶ ይከፈታል። እንደገና ዝጋ፣ እንደገና ክፈት። ከአራት ጣቢያ በኋላ የ2 ደቂቃው መዘግየት 4 ሆነ።

ከኋላው ያለው 15 ቁጥር ደግሞ የተጠረገ መሳፈሪያ ነው የሚያገኘው። ባዶውን እየከነፈ መጥቶ 14ን ተጠግቶ ዋሻ ውስጥ ቆመ። አንዱ ባቡር ሰው በሰው፣ የሚቀጥለው ባዶ። እኔንም ላብ አጠመቀኝ።

የፈረቃ ኃላፊያችን ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«የፊተኛውን ያዘው» አሉኝ።

«የኋለኛውን ማለትዎ ነው?»

«15ማ ራሱ ቆሞልሃል። 13ን ያዘው።»

የተሳሳቱ መሰለኝ። 13 በሰዓቱ እየሄደ ያለ፣ ምንም ያላጠፋ ባቡር ነው። እሳቸው እስክሪብቶ አንስተው ወረቀት ላይ አራት ነጥብ አደረጉ። በ13 እና በ14 መካከል 7 ደቂቃ ክፍተት አለ። 13ን 3 ደቂቃ፣ 12ን 2 ደቂቃ፣ 11ን 1 ደቂቃ፣ በአንዴ ሳይሆን በየጣቢያው እየከፋፈልክ አቆይ። ቁጭ ብዬ ደመርኩት። የ7 ደቂቃው ክፍተት ጠፍቶ በሁሉም መካከል 4፣ 4 ደቂቃ ይሆናል። 14 የሚጠብቀው ሰው ይቀንሳል፣ በሩም ይዘጋል።

ተሳፋሪው መሳፈሪያ ላይ ቆሞ ስለ ጊዜ ሰሌዳችን አይገደውም። የሚያየው የፊተኛው ከሄደ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ነው። ሞስኮ ሜትሮ ውስጥ በመሳፈሪያው ጫፍ ያለው ሰዓት ለረጅም ዓመታት ይህንኑ ሲቆጥር ኖሯል። ያንን ሰዓት የሰቀለው ሰው ሥራውን ያውቃል።

እኔ ሆዬ መጨረሻ ጣቢያ ሲደርስ ይስተካከላል ብዬ ነበር። እውነት ነው፣ እዚያ ትንሽ ትርፍ ደቂቃ አለ። የለንደኑ ሰርክል መስመር እንደ ቀለበት ዞሮ የሚገጥም ስለነበር ያችም አልነበረችውም፤ በ2009 እንደ ፈረንጆቹ ቀለበቱን ከፍተው ጫፍ አበጁለት። የእኛ 14 ግን ጫፉ ጋ ለመድረስ ገና 11 ጣቢያ ይቀረው ነበር።

ወደ 40 ደቂቃ ፈጀ እንጂ ዶቃዎቹ ተራርቀው ቆሙ።

በማግስቱ የ13 ቁጥር ሹፌር ሻይ ላይ አገኘኝ። ተሳፋሪ ሲጮህበት ነው ያመሸው።

«ሲግናሉ አረንጓዴ፣ በሬ ዝግ። ምን አጥፍቼ ነው ያቆምከኝ?»

«ሰዓትህን አክብረህ» አልኩት።

ሻዩን አስቀምጦ ትኩር ብሎ አየኝ። እኔም እስክሪብቶዬን አውጥቼ አራት ነጥብ አደረግሁ።