የሴት ተማሪዎችን የቀዘፋ ውድድር ታሪክ እንዴት እንደሰበሰብኩ

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የትምህርት ቤቷን የቀዘፋ ቡድን ተቀላቀለች። የምንኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው። ከተማዋ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ስለተቆረቆረች እዚህ ቀዘፋ የሀብታም ልጆች ብቻ ስፖርት አይደለም፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይቀዝፋሉ። በዓመቱ መጨረሻ እራት ላይ የሚነበብ የሴት ተማሪዎች ውድድር ታሪክ የሚያዘጋጅ ወላጅ ሲፈለግ ሥራውን እኔ ወሰድኩት። ባሕር ዳር ላደገ ሰው ታንኳ ማለት ጣና ላይ የሚሄደው የደንገል ታንኳ ነው። ስምንት ልጆች በአንድ ምት የሚቀዝፉት ረጅምና ቀጭን ጀልባ ለእኔ አዲስ ነገር ስለነበር ከመሠረቱ መጠየቅ አላሳፈረኝም።

የጀመርኩት ፊላደልፊያ ውስጥ በስኩልኪል ወንዝ ላይ በየዓመቱ በግንቦት ከሚካሄደው የስቶትስበሪ ዋንጫ ነው፤ እዚህ አካባቢ የምትቀዝፍ ልጅ ሁሉ የምታልመው እሱን ነው። ውድድሩ በ1927 ተጀመረ፣ ስሙንም ያገኘው ከባንክ ባለሀብቱ ከኤድዋርድ ስቶትስበሪ ነው። ለአሥርት ዓመታት የወንዶች ብቻ ነበር። የውጤት ዝርዝር ማን እንዳሸነፈ ይነግራል፣ ወንዙ ዳር ቆሞ የቀረውን ግን አይጽፍም። ስለዚህ ዝርዝሩን ወደ ጎን አድርጌ ሌላ ጥያቄ ያዝኩ፦ ወንዶቹ በዚያ ወንዝ ሲወዳደሩ ሴቶቹ የት ነበሩ?

መልሱ እዚያው ወንዝ ዳር ተገኘ። ኧርነስቲን ቤየር የምትባል የፊላደልፊያ ሴት ነበረች። ባሏ ኧርነስት በ1928 የአምስተርዳም ኦሊምፒክ በቀዘፋ የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። እሷ ግን መቅዘፍ ብትፈልግም የሚቀበላት ክለብ አልነበረም። በ1938 ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና፣ አብዛኞቹ የቀዛፊዎች ሚስቶችና እጮኞች ናቸው፣ የፊላደልፊያ ልጃገረዶች ቀዘፋ ክለብን መሠረተች። ቤታቸው በ1860 የተሠራው የበረዶ ሸርታቴ ክለብ ሕንፃ ሆነ፤ ወንዙ ዳር በተርታ ከቆሙት የጀልባ ማስቀመጫ ቤቶች በዕድሜ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ዛሬም የክለቡ ነው። በ1967 ደግሞ ቤየር የአሜሪካ ሴት ቀዛፊዎችን ይዛ ፈረንሳይ፣ ቪሺ ወደተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ሄደች። የዛሬዎቹ ተማሪዎች ስሟን አለማወቃቸው አሁንም ይቆጨኛል። እራቱ ላይ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሷ እንድትነሳ ወስኜ ነበር።

ከዚያ በኋላ የምፈልገው ነገር ተለወጠ። ሴቶች መቼ ተፈቀደላቸው የሚለው ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ መቼ ጀልባ አገኙ፣ መቼ ልብስ መቀየሪያ አገኙ፣ መቼ ሙሉውን ርቀት ቀዘፉ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ፣ የመንግሥት ገንዘብ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በፆታ ማዳላትን የከለከለው፣ በ1972 ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የየል ዩኒቨርሲቲ ሴት ቀዛፊዎች መታጠቢያ አልነበራቸውም። ከልምምድ በኋላ ወንዶቹ በሙቅ ውሃ ታጥበው እስኪወጡ ድረስ እነሱ በክረምቱ ብርድ ልብሳቸው እንደረጠበ አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቁ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1976 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በአምበላቸው በክሪስ ኧርንስት መሪነት አሥራ ዘጠኙ ወደ አንዲት የስፖርት ኃላፊ ቢሮ ገቡና ልብሳቸውን አወለቁ። ገላቸው ላይ «ታይትል ናይን» ተጽፎ ነበር፤ ኧርንስትም የአቤቱታውን ጽሑፍ አነበበች። ወሬው ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት የሴቶች ቀዘፋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ገባ፤ ኧርንስትም እዚያ ቀዘፈች።

ርቀቱም የራሱ ታሪክ አለው። በኦሊምፒክ ወንዶች 2000 ሜትር ሲቀዝፉ ሴቶች እስከ 1984 ድረስ 1000 ሜትር ነበር የሚፈቀድላቸው። እኩል የሆነው በ1988፣ በሴኡል ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ በ1839 የተጀመረው የሄንሊ ሮያል ውድድር ለታዳጊ ሴቶች ስምንት ቀዛፊ ጀልባ ዋንጫ ያዘጋጀው በ2021 ነው። ይህን ለልጄ ስነግራት «እማዬ፣ ያኔ እኔ ተወልጃለሁ እኮ!» አለች።

ከድሮ ቀዛፊዎች ጋር ስነጋገርም አንድ ነገር ተማርኩ። «ችግር ነበረባችሁ?» ሲባሉ ብዙዎቹ «አይ፣ ደስ ይል ነበር» ብለው ያልፋሉ። «ጀልባው የማን ነበር? ውሃ ላይ የምትወጡት ስንት ሰዓት ነው?» ሲባሉ ግን ወሬው ይፈታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀዘፉ አንዲት አዛውንት ጀልባቸው ወንዶቹ የጣሉት አሮጌ እንደነበረና ልምምድ የሚጀምሩት ወንዶቹ ሲጨርሱ እንደሆነ የነገሩኝ እንዲህ ስጠይቃቸው ነው። ዓመተ ምሕረት ሲነግሩኝ ደግሞ ከዘመኑ ጋዜጣ ወይም ከውድድሩ ፕሮግራም ጋር አመሳክሬ ነው የጻፍኩት፤ ሰው ትዝታውን ሕጉ ከወጣበት ዓመት ጋር ማያያዝ ይቀናዋል።

ለእኛ ሰዎች ስናገር የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ውሃ ላይ መንገላታት ለትምህርቷ ምን ይረዳታል?» ለዚህም ታሪኩ መልስ አለው። ትልልቅ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በታይትል ናይን ምክንያት የሴት ስፖርተኞችን ቁጥር ማሳደግ ነበረባቸው፤ ቀዘፋ ደግሞ ብዙ ሰው ይይዛል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ በ1997 የሴቶች ቀዘፋ ሻምፒዮና ሲጀምር ስፖርቱ ይበልጥ ተስፋፋ፣ የስኮላርሺፕ በርም ተከፈተ። የወንዶቹ ቀዘፋ እስከ ዛሬ በኤንሲኤኤ ሥር አይደለም። ይህን የሰሙ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ቀኑን ጠየቁኝ።

አሁን የምሰበስበው ከ1990ዎቹ ወዲህ የቀዘፉትን የሐበሻ ልጆች ታሪክ ነው። ልጃችሁ ቀዝፋ ከነበረ የውድድሩን ፕሮግራም አትጣሉት፤ ስሟና የተቀመጠችበት ቦታ ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ፎቶ ካላችሁም ጀርባው ላይ ዓመቱንና ወንዙን ጻፉበት።