«ወራጅ አለ» ምን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው?

የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ዓይነቶችን ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ሳስተምር ስማቸውን የማነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ዲክላራቲቭ፣ ኢንተሮጌቲቭ፣ ኢምፔራቲቭ፣ ኤክስክላማቶሪ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምላስ ላይ እነዚህ ስሞች ድንጋይ ናቸው። መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ከሰፈሩ ልጁ ስፔሊንጋቸውን ሲገለብጥ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። 40 ደቂቃ ምን አላት?

የማስተምረው አዲስ አበባ ነው። ክፍሉ ጢም ያለ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ይቀመጣሉ። ፕሮጀክተር የለም፣ ፎቶ ኮፒም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የምጠቀምበት ዘዴ ከጠመኔ፣ ከቁራጭ ወረቀትና ከልጆቹ አፍ ሌላ ምንም የማይፈልግ መሆን አለበት። እንደ ዕድል ሆኖ የልጆቹ አፍ በጣም ሀብታም ነው።

መነሻዬ ታክሲ ነው። «ሚኒባስ ውስጥ የምትሰሙትን አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ንገሩኝ» እላለሁ። ክፍሉ ይናጋል። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» «ሒሳብ ያልከፈለ አለ?» «መልስ አልሰጠኸኝም።» «ኧረ ቀስ በል!» «እንዴት ይሞቃል በናታችሁ!» «ወራጅ አለ!» ሰሌዳውን በአራት እከፍልና መንገሪያ፣ መጠየቂያ፣ ማዘዣ፣ መደነቂያ ብዬ እጽፋለሁ። የሚመድቡት እነሱ ናቸው። እኔ ጠመኔውን ለአንዱ ሰጥቼ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። በነገራችን ላይ፣ እዚህ ጋ በጣም የሚሳተፉት ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንገታቸውን የሚደፉት ልጆች ናቸው።

ጭቅጭቁ ሁሌም «ወራጅ አለ» ላይ ይነሳል። ግማሹ «መንገሪያ ነው፤ የሚወርድ ሰው እንዳለ እየነገረው ነው» ይላል። ሌላው ወገን «ቲቸር፣ አቁም ማለቱ እኮ ነው!» ብሎ ይነሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቅርጹ መንገሪያ ነው፣ ሥራው ግን ማዘዣ። ጭቅጭቁን ቶሎ አልዳኝም፤ ትንሽ ይሟሟቁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ መጠየቅ እንዳለብን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፦ ምን ይመስላል? ምን ይሠራል?

ይህ ከገባቸው በኋላ እንግሊዝኛው ይቀላል። «ካን ዩ ክሎዝ ዘ ዊንዶው?» ስል «የስ፣ አይ ካን» ብሎ ቁጭ የሚል ልጅ አይኖርም። አንዷ ተማሪ «እናቴ ጠዋት ጠዋት ‹ዛሬ አትነሺም?› እንደምትለኝ ነው» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ ለካ ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው የሚቀሰቀሰው። ከዚያ ወዲህ ይህን ምሳሌ እየተዋስኩ ነው የማስተምረው። ፈተና ላይ ግን በአብዛኛው የሚጠየቀው ቅርጹ ነው። በአዲሱ አወቃቀር 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለው ተለይተዋል፤ የ8ኛ ክፍል ማብቂያ ላይ ደግሞ ወላጆች ዛሬም ሚኒስትሪ የሚሉት ፈተና አለ። ምርጫ ሲያከብቡ «ምን ይመስላል?» የሚለውን እንዲከተሉ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። አለዚያ ጎበዙ ልጅ አብዝቶ አስቦ ይስታል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከአራቱ ዓይነቶች ሦስቱ ብዙ አይከብዱም። ጥያቄው ነው ጉልበት የሚጨርሰው። ምክንያቱም አማርኛችን ለጥያቄ ቃል አያዟዙርም። «ሳራ መጣች» ብለን ድምፃችንን ከፍ ካደረግን ጥያቄ ሆነ፤ አለቀ። ልጁም ያንን ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ይገባና «ሺ ኢዝ ሃፒ?» ይላል። ትንሽ የተማረው ደግሞ «ዲድ ዩ ዌንት?» ይላል። ይህን በደንብ መቶ ጊዜ ብታስረዱት ደብተሩ ላይ ያው ነው።

የሠራልኝ ዘዴ ልጆቹን ቃል ማድረግ ነው። ሦስት ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ደረታቸው ላይ ወረቀት ይይዛሉ። አንዱ «ሺ»፣ አንዱ «ኢዝ»፣ አንዱ «ሃፒ»። «ጥያቄ!» ስል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ይኼ ቀላሉ ነው።

ቀጥሎ «ሺ ላይክስ ኮፊ» ይመጣል። «ላይክ»ን የያዘው ልጅ በሌላኛው እጁ ኤስ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ይዟል። «ጥያቄ!» እላለሁ። ሊለዋወጡ ይሞክራሉ፤ «ላይክስ ሺ ኮፊ?» ይሆናል። ክፍሉ ራሱ አይሆንም ይላል። ያኔ ከኋላ ወንበር «ዱ»ን እንጠራለን። ለዚህ ሥራ የክፍሉን ረጅም ልጅ ነው የምመርጠው። እየተንጎራደደ መጥቶ ከሁሉም ፊት ይቆማል፤ ከዚያ «ላይክ» እጅ ላይ ያለችውን ኤስ ነጥቆ ራሱ ይይዛል። «ዳዝ ሺ ላይክ ኮፊ?» ኤስ የተወሰደበት ልጅ ባዶ እጁን ለክፍሉ ያሳያል።

ለኃላፊ ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ ሁለት ገጽ አለው። ፊቱ ላይ «ዌንት»፣ ጀርባው ላይ «ጎ»። «ዲድ» ሲመጣ ኃላፊ ጊዜውን ይወስዳል፤ ልጁ ወረቀቱን ገልብጦ «ጎ» ያሳያል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ወሰደብህ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ደብተር ላይ «ዲድ ዩ ዌንት» የጻፈ ልጅ ሲገኝ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አጠገቡ ያለው ልጅ «ወሰደብህ እኮ» ይለዋል፣ እሱም ያርማል። አልፎ አልፎ አንድ ቀልጣፋ ልጅ «‹ሁ ብሮክ ዘ ዊንዶው?› ላይ ‹ዲድ› ለምን አልመጣም?» ብሎ ይጠይቃል። የምንጠይቀው ስለ ድርጊቱ ባለቤት ሲሆን ባለቤቱ ራሱ ፊት ላይ ስለቆመ ረዳት አያስፈልገውም እለዋለሁ። ካልጠየቁኝ ግን እኔ አላነሳውም።

ማዘዣ ላይ የሚያስቸግረው ሰዋስው ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ና፣ ነይ፣ ኑ፣ ይምጡ የሚል ልጅ ለሁሉም «ካም» ብቻ ሲባል አይዋጥለትም። «ቲቸር፣ አያቴንም ‹ካም› ልበላት?» ያለኝ ልጅ አለ። አክብሮቱ በግሱ ውስጥ ስለሌለ ከውጭ ይጨመራል፦ በ«ፕሊዝ»፣ ወይም ትእዛዙን ወደ ጥያቄ በመለወጥ። «ዉድ ዩ ካም ሂር፣ ፕሊዝ?» ያው የታክሲው ነገር ነው፤ ቅርጹ ሌላ፣ ሥራው ሌላ። አሉታውን አትርሱ ደግሞ፦ «ኖ ጎ» ሳይሆን «ዶንት ጎ»።

መደነቂያው ላይ አንድ ጥንድ ብቻ ነው የማስተምረው። «ሃው ቶል ሺ ኢዝ!» እና «ሃው ቶል ኢዝ ሺ?» አንዱ ላይ ተደንቀናል፣ ሌላው ላይ ቁመቷን ጠይቀናል። ልዩነቱ የሁለት ቃላት መለዋወጥ ነው፤ ያ ደግሞ ቀድሞ ፊት ለፊት ቆመው ያዩት ነገር ነው። «ዋት» ስም ይዞ ይሄዳል፣ «ዋት አ ቢግ ሃውስ!» ብለን እናልፋለን። እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያለብን ቃለ አጋኖ ያየ ልጅ ሁሉ «መደነቂያ!» ብሎ እንዳይጮህ ነው። «ስቶፕ!» ቃለ አጋኖ አለው፤ ግን ማዘዣ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ «ሃይ»ን በአምስት ቃለ አጋኖ ለሚያጅብ ትውልድ ይህን ማስረዳት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስሞቹ የሚመጡት አሁን ነው። ከመንገሪያ አጠገብ ዲክላራቲቭ፣ ከመጠየቂያ አጠገብ ኢንተሮጌቲቭ እያልኩ እጽፋለሁ። በዚህ ጊዜ ስሙ የሚለጠፍበት ነገር ስላለ በቶሎ ይይዙታል።

ሲምፕል፣ ኮምፓውንድ፣ ኮምፕሌክስ (ነጠላ፣ ድርብ፣ ውስብስብ) የሚባለውን ሌላውን አከፋፈል ከዚህ ጋር አልቀላቅልም። «ሲት ዳውን ኤንድ ኦፕን ዩር ቡክ» በአንዱ አከፋፈል ኢምፔራቲቭ፣ በሌላው ኮምፓውንድ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት የሰማ ልጅ «ታዲያ የቱ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። መሐላቸው ሌላ ርዕስ አስገብቼ አራርቃቸዋለሁ።

ደብተር ማረምን በተመለከተ፣ በዚህ የተማሪ ብዛት ሁሉንም ማንበብ የማይታሰብ ነው። የቤት ሥራው አራት ዓይነት ዐረፍተ ነገር ቢሆንም የማነበው ጥያቄዎቹን ብቻ ነው። «ዱ» የጎደለበት ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን እሥላለሁ፤ መልሱን አልጽፍም። ዐረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ የዘጋውንም አከብበታለሁ፤ በተለይ 7ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ደብተር አይጠፋም። ልጁ ሳጥኑን ሞልቶ ሲመልስልኝ ያኔ ራይት አደርግለታለሁ።