ከመቅረጫው እንደወጣ የቆየውን የምኒልክ ብር እንዴት አግኝቼ እንዴት እንዳበላሸሁት

አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ የሚመኘው አንድ ነገር አለ፤ እጅ ያልዞረበት፣ ከገንዘብ መቅረጫው የወጣ ዕለት የነበረውን ገጽታ ይዞ የቆየ ብር። እኔ ይህን ምኞት እዚሁ አዳማ ውስጥ አግኝቼ፣ አሥራ ሰባት ቀን ይዤ፣ በገዛ ታዛዥነቴ አጥፍቼዋለሁ። ያን ጊዜ የሚያስጠነቅቀኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

አጀማመሬ እንደ ብዙዎች ነው። የአክስቴ ልጅ ከቪየና አንድ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አመጣልኝና 1780 የሚለውን ቁጥር አይቼ ሀብታም የሆንኩ መሰለኝ። የኦስትሪያ ገንዘብ መቅረጫ ጠገራውን እስከ ዛሬ ድረስ ያንኑ ዓመተ ቁጥር እየቀረጸበት እንደሚሸጠው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ጠገራን አዲስ ሆኖ ማግኘት ገንዘቡ ላለው ሁሉ ቀላል ነው ማለት ነው። የምኒልክ ብር ግን እንደዚያ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ምስላቸውን አስቀርጸው በ1887 እና በ1889 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱት ብር ጠገራን ይተካል ተብሎ የታሰበ ቢሆንም ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ አልለቅም አለ፤ ከምኒልኩ ብርም ስንቱ ተበስቶ ከአንገት ጌጥ ጋር ተሰካ፣ ስንቱ ቀልጦ አምባርና መስቀል ሆነ። እኔ እስከዚያ ድረስ ያየኋቸው ሁሉ ወይ ቀዳዳ ነበራቸው፣ ወይ የንጉሡ ጉንጭ በመዳፍ ብዛት ተልጎ ነበር።

የእኔው የተገኘው በቀድሞው የምድር ባቡር ጣቢያ አካባቢ ከሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ነው። ለባለቤታቸው አባት በክርስትናቸው ዕለት የተሰጠ ስጦታ ስለነበር ማንም ሊያወጣው አልደፈረም፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ኖሯል። «ልጄ፣ እኔ ከሞትኩ ልጆቹ አቅልጠው ነው የሚሸጡት፤ ለሚያውቀው ሰው ይሁን» ብለው ሰጡኝ። የከፈልኩት የሁለት ወር ደመወዜን ነው፤ አልተጸጸትኩበትም። ሚዛን ላይ ሳወጣው ከ28 ግራም በጥቂት በለጠ፣ ስፋቱም 40 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በማግኔት አልተሳበም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ቆዳው ነው። መምቻው ብሩን ሲጫን ብረቱ ከመካከል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፣ በዚህም ዓይን የማይለያቸው ቀጫጭን መስመሮች ገጹ ላይ ይቀራሉ፤ ብሩን ዘንበል ስታደርጉት ብርሃኑ እንደ መንኮራኩር የሚዞረው በእነርሱ ምክንያት ነው። ያ ብርሃን በአንበሳው ጎፈር ላይ ሲዞር አይቻለሁ። በላዩ ያረፈው ጥቁር ግራጫ ቀለም፣ በአየር ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ሲነካ የሚፈጥረው ስስ ሽፋን እንጂ ቆሻሻ አልነበረም። ይህን ዛሬ በሚገባ አውቀዋለሁ።

ደረጃውን ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ የሚመዝኑ ባለሙያዎች ያሉት በውጭ አገር ስለሆነ እና ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ስለሆነ፣ ወደሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሕጉን አልቃወምም፤ እንዲያውም ደግ ሕግ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሠራተኛ የያዝኩትን ፎቶግራፍ ገልመጥ አድርገው «ይህ የጠቆረ ነገር ነው፤ አጽድተህ፣ ጽሑፉ በግልጽ እንዲነበብ አድርገህ አንሣው፤ ብር ስለመሆኑም ከወርቅ ሠሪ የጽሑፍ ማረጋገጫ አምጣ» አሉኝ። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው እያንዳንዱ ፊደል ከመነበብም አልፎ ጥላ ይጥል ነበር! መከራከር ሲገባኝ «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህች «እሺ» ናት።

ወርቅ ሠሪው ደግ ሰው ነው፤ በእርሱ ልፈርድ አልችልም። ብሩን ትቼለት ማረጋገጫውን ከሰዓት በኋላ እንድወስድ ተስማማንና ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ፣ በሚሽከረከረው የጨርቅ ማለስለሻ ላይ ቅባት ቀብቶ፣ ያለ ክፍያ፣ እንደ ውለታ፣ ብሩን ወልውሎ እንደ መስታወት አብርቶት ጠበቀኝ። «አዲስ አደረግኩልህ» አለኝ። ዘንበል አደረግኩት፤ ብርሃኑ አልዞረም። የንጉሡ ዘውድ ጠርዝ ለስልሷል፣ ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ሜዳው በጭረት ተሞልቷል። ለ120 ዓመት ያህል ጨርቅና ሣጥን የጠበቁት ነገር አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ አለቀ። አመስግኜው ወጣሁ፤ ምን ልበለው?

በሦስተኛው ቀን ያንጸባረቀውን ፎቶግራፍ ያዩት ሠራተኛ «አየህ፣ አሁን አማረ» አሉኝ። ማመልከቻውን አልገፋሁበትም፤ የተወለወለ ገንዘብ ባለሙያ ዘንድ ቢደርስም «ጸድቷል» ተብሎ ያለ ቁጥር ይመለሳልና።

እንግዲህ ምክሬ ከመሥሪያ ቤቶች መመሪያ ጋር የሚጋጭ ቢሆንም ይህ ነው፦ ማንም ቢያዝዝ አታጽዱ። በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም። ማስረጃ ከተጠየቃችሁ ክብደቱን በፊታችሁ አስመዝኑ፤ ብሩ ከዓይናችሁ አይራቅ። በጠርዙ ብቻ ያዙት። ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣል፣ ላስቲክም ድኝ ስላለበት ያጠቁራል፤ የእማማ ነጭ ጨርቅ ከሁለቱም ይሻል ነበር።

አሁን የምፈልገው በ1936 ዓ.ም. የወጣውን ክቡን ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። መዳብ ሆኖ በመጠን ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ አጭበርባሪዎች በብር እየለበጡ እንደ ሃምሳ ስላስተላለፉት፣ ጠርዙ እንደ አበባ በተቆረጠው ተተካ። ክቡ፣ ያውም የመዳቡ ቅላት ሳይጠፋ፣ በቀላሉ አይገኝም። ባለፈው ወር አንድ ባለሱቅ እንዳለው ነግሮኝ ልቤ እየመታ ሄድኩ። ከመሳቢያው አወጣው፤ ቅላቱን ከሩቅ አየሁት። ሊሰጠኝ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ግን፣ ለእንግዳ እንደሚገባ፣ በጋቢው ጠርዝ ደህና አድርጎ ፈተገው።